ስለ ሸክላችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔና ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያችን ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ሸክላ እንሠራለን። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት፣ ወጭት፣ የእጣን ማጨሻ፣ ሲታዘዝ ደግሞ እንስራና ጋን። በስልክም በቴሌግራምም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት እየሆነ ስለመጣ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከምንደጋግም እዚሁ ሰብስበን ጻፍነው። የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እሱ እጁ ጭቃ ነው።

ወንድ ልጅ ሸክላ ይሠራል እንዴ?

ይሠራል። እርግጥ በእኛ አገር ሸክላ የሴት ሥራ ሆኖ ነው የኖረው። ማቡካቱም፣ ማበጀቱም፣ በጀርባ አዝሎ ገበያ መውጣቱም የሴት ነው። ባለቤቴ የተማረው ከእናቱ ነው። ልጅ እያለ አፈር ቆፍሮ ማምጣትና እንጨት መፍለጥ ነበር ድርሻው፣ ከዚያ እናቱ ሥር ቁጭ ብሎ እያየ እጁ ለመደ። አሁን ምጣድ የሚሠራው እሱ ነው፣ ከእኔ ይበልጣል። ጀበና የእኔ ነው። የጀበና አንገት ትዕግሥት ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም (ይህን ሲያነብ ይጮኻል)።

ቀኑን ሙሉ አብራችሁ ስትውሉ አትጣሉም?

እንጣላለን እንጂ! ግን ጠባችን ሁሌም በእሳት ነው። እሱ ቶሎ ይንደድ ይላል፣ እኔ ቀስ ይበል እላለሁ። በገንዘብ አንጣላም፣ ደብተሩ እኔ ጋ ነው።

ሰው ስለ ሸክላ ሠሪ ብዙ ያወራል፤ አይሰማችሁም?

ይሰማናል። በቀጥታ የሚጠይቀን ሰው ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ዳር ዳሩን ይዞራል፣ ስለዚህ እኛው እናውጣው። ሸክላ ሠሪውም፣ ቀጥቃጩም፣ ፋቂውም፣ ሸማኔውም «ቡዳ ነው» እየተባለ ነው የኖረው። ሰውየው ሸክላ ሠሪዋ በሠራችለት ጀበና ቡናውን ይጠጣል፣ በሠራችለት ምጣድ እንጀራውን ይበላል፣ ልጁን ግን ለልጇ አይድርም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ አዋጁ ወጣ፣ አፍ ግን አልተዘጋም።

እኔ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ አይደለሁም። ሳገባው ከዘመድ የሰማሁትን እዚህ አልዘረዝርም። እነዚያው ዘመዶች አሁን ፋሲካ ሲደርስ «ድስት ላኩልን፣ ዋጋ ደግሞ አስተካክሉልን» ይላሉ። ድስቱን እንልካለን። ዋጋው ያው ነው።

አፈሩን ከየት ነው የምታመጡት? ጭቃ ሁሉ አይሆንም?

አይሆንም። ጎጃም አፈር አልነሣንም፣ ግን ሁሉም አፈር ሸክላ አይወጣውም። መረሬን እዩት፤ ክረምት ሲረጥብ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ማሳው ላይ የሚያደርገውን ድስት ላይም ያደርገዋል። ለብቻው የተሠራ እንደሆነ ገና ሳይደርቅ ይተረተራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አፈር እንቀላቅላለን። አንዱ የሚያጣብቅ፣ አንዱ የሚያሳሳ። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በእግር ይረገጣል።

ጭቃው ላይ ደግሞ የተፈጨ ገል እንጨምራለን። ገል ማለት የተሰባበረ አሮጌ ሸክላ ነው፣ ለማያውቁት። አንድ ጊዜ እሳት የገባ ስለሆነ ሲደርቅ አይኮማተርም፣ በውስጡ ያለው እርጥበትም መውጫ መንገድ ያገኛል። እሳት ላይ የሚውል ዕቃ፣ ምጣድና ድስት ማለቴ ነው፣ ገሉ በርከትና ሻካራ ይላል። ለወጭት ግን አድቅቀን እንነፋዋለን።

ጭቃው መድረሱን ለማወቅ እንደ ጣት አድበልብለን ጣታችን ላይ እንጠቀልለዋለን። ሳይሰነጠቅ ከዞረ ደርሷል። ከተሰነጠቀ ገና ነው፣ ይታሻል።

ቦታውን አንናገርም። መሬቱ የገበሬ ነው፣ እኛ ከፍለን ነው የምንቆፍረው፣ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው አንፈልግበትም።

በማሽን ነው በእጅ?

በእጅ። የሚሽከረከር ማሽን የለንም። ሥሩን ሰባራ ገል ላይ እንጀምረዋለን፣ ከዚያ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድበለበልን ዙሪያውን እንደርበዋለን። አንዱን ዙር ከሥሩ ካለው ጋር በአውራ ጣት ወደ ታች እየሳብን እናዋህዳለን፣ ከውስጥ አንድ እጅ ይደግፋል፣ ከውጭ ሌላው ይስባል። ገሉን ራሱን እያዞርን ስለምንሠራ ዕቃው ክብ ሆኖ ይወጣል። ግማሹ ሲደርስ ትንሽ እንዲጠነክር እንተወዋለን፣ አለበለዚያ የላዩን መሸከም አቅቶት ይዘረጠጣል። ጠንከር ሲል ይፋቃል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻ በወንዝ ጠጠር እስኪያብለጨልጭ ይታሻል። ያቺ ማሻ ጠጠር የአማቴ ናት፣ ጎኗ ተበልቶ ለአውራ ጣት ልክ ሆናለች፣ ማንም ሰው ሊነካት አይችልም። እኔም በልመና ነው የማገኛት።

ዛሬ ባዝ መቼ ይደርሳል?

ብዙ ሰው የሚናደድብን በዚህ ነው። ማበጀቱ አይደለም ጊዜ የሚወስደው፣ መድረቁ ነው። በበጋ ለጀበና ሳምንት ሁለት ሳምንት፣ ለምጣድ ከዚያ በላይ። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ ራሷ ስለማትታይ ቀን ቆርጠን አንነግራችሁም። ፀሐይ ላይ አስጥተን ለምን አናደርቀውም? አንዱ ጎን ቀድሞ ደርቆ ሌላው እርጥብ ከሆነ ይሰነጠቃልና። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በማይገባበት፣ አፉን በጨርቅ ሸፍነን ነው የምናደርቀው።

ደረቀ ስንል ደግሞ ሲነካ ደረቀ ማለት አይደለም። ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውስጡ ገና ውሃ አለ። ያን እሳት ውስጥ ብትከቱት ውሃው እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ድምፁ ጥይት ነው የሚመስለው፣ ፍንጣሪው ደግሞ አጠገቡ ያለውንም ይመታል። ለዚህ ነው እኔና ባለቤቴ በእሳት የምንጣላው። መጀመሪያ ላይ እሳቱ ለስለስ ብሎ ዕቃውን ማሞቅ አለበት፣ ነጩ ጭስ እስኪያልቅ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ኩበትና እንጨት የሚደረብበት።

የምንተኩሰው ሜዳ ላይ ነው፣ ንፋስ ሳይነሣ ማለዳ። ከሥር እንጨት፣ ከዚያ ዕቃዎቹ ተደራርበው፣ በላያቸው ኩበት፣ ጭድና ሰፋፊ ገል። እንዲህ ያለ የሜዳ እሳት እንደ አያያዙ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። አፈሩ ውስጥ ባለው አሸዋ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ፤ እሱ 573 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ በአንዴ ይለወጣል፣ ሲሞቅም ሲበርድም። ስለዚህ በችኮላ ከእሳት የወጣ ዕቃ ንፋስ ሲመታው ቀጭ ይላል። አመዱ ውስጥ ሆኖ እንዲበርድ እንተወዋለን፣ እናንተም ትጠብቃላችሁ።

ሲወጣ ደህና መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ?

በጣት አጥንት እንመታዋለን። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የሚዘገይ። የተሰነጠቀው ድፍን ነው፣ ጣውላ እንደመምታት። ገበያ ስትወጡ እናንተም ሞክሩት፣ ሻጯ ብትቆጣም። ስንጥቁ ለዓይን ላይታይ ይችላል፣ ለጆሮ ግን አይደበቅም። ከእኛ ስትገዙም ምቱት፣ አንቆጣም።

ጥቁሩ ቀለም ምንድን ነው?

ቀለም አይደለም፣ ጭስ ነው። እንዲጠቁር የምንፈልገውን ዕቃ ብቻ፣ አመዱ ውስጥ እስኪበርድ ሳንጠብቅ ግሎ ሳለ ከእሳት እናወጣውና ንፋስ ሳይመታው ጭድ ወይም ቅጠል ውስጥ እንቀብረዋለን። ጭሱ አየር አጥቶ ሲታፈን ጥቀርሻው ወደ ውስጥ ይገባል። አየር ያገኘው ቀይ ሆኖ ይቀራል፣ በአፈሩ ውስጥ ባለው ብረት ምክንያት። አንዳንዴ አንዷ ጀበና ግማሽ ጎኗ ቀይ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን የሚወድ አለ፣ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልስም አለ። አልተበላሸም።

አዲስ ምጣድ እንዴት ነው የሚሟሸው?

ይህን በደንብ አንብቡት፣ «ምጣዳችሁ አይረባም» ከሚለን ሰው አብዛኛው ሳያሟሽ የጋገረ ነው።

ምጣዱን ቀስ በሉና አሙቁት፣ መጀመሪያ በትንሽ እሳት። ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር በትኑበት፣ በማሰሻ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እሹት። ይጨሳል፣ ቤቱን ያፍናል፣ በር ክፈቱ። ሲያር ጥረጉትና ድገሙት። ዘይቱ ወደ ሸክላው ገብቶ ቀዳዳውን እየደፈነ ይሄዳል፣ ምጣዱ እየጠቆረና እያብለጨለጨ ይመጣል። ግራጫ የሆነ ቦታ ካያችሁ እዚያ ጋ ይለጥፍባችኋል፣ እሱን ደግማችሁ እሹት። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ለእንግዳ አይሆኑም። ለልጆች ወይም ለዶሮ ስጡ። ከዚያ በኋላም በየጋገራችሁ ቁጥር ማሰሻውን አትርሱ።

የተሟሸ ምጣድ ላይ ውሃ አታፍስሱ። ሲግል ደግሞ ጭራሽ! «ሊጥ ፈሰሰበት ብዬ በውሃ አጠብኩት» ብላ የደወለችልን እህት ምጣዷ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እኛ ምን እናድርግ?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ትሠራላችሁ?

እንሠራለን፣ ግን ልኩን ይዛችሁ ኑ፤ ብረቱን ራሱን ብታመጡ ይሻላል። ጀርባው ላይ የሽቦው መሄጃ ቦይ አለ፣ የሱ ጥልቀትና ስፋት ትክክል ካልሆነ ሽቦው አንድ ቦታ ይጠጋና እንጀራው እዚያ ጋ ያራል፣ ሌላው ጋ ጥሬ ይሆናል። ሽቦውን የሚገጥመው ኤሌክትሪሺያን ነው፣ እኛ አንነካም።

ጀበናዬ ታልባለች፤ ተሰንጥቃ ይሆን?

አዲስ ከሆነች ያለ ነው። ሸክላ ይተነፍሳል፤ እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ በበጋ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ነው፣ ውሃው በግድግዳው እየሰረገ ውጭው ላይ ስለሚተን። ለጀበና የቡና አተላ በውሃ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አፍሉባት፣ አድራ ትፍሰስ። ቀዳዳው ሲደፈን ላቧ ይቆማል። ጠብታው ከአንድ ቦታ ብቻ በመስመር የሚወርድ ከሆነ ግን ስንጥቅ ነውና መልሷት።

በጋዝ፣ በኤሌክትሪክ፣ በኢንዳክሽን ይሠራል?

ጋዝ ላይ ይሆናል፣ እሳቱ ዝቅ ብሎ ይጀመር። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በመሐል ቀጭን ብረት ጣል ብታደርጉ ሙቀቱን ያዳርሰዋል። ኢንዳክሽን ላይ ግን አይሠራም፣ ምድጃው የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ነው፣ ሸክላ አይቆጥረውም። ማይክሮዌቭ ውስጥም አታስገቡ፣ ውሃ የመጠጠ ሸክላ ራሱ ይግልና ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዋናው ነገር ባዶውን ድስት እሳት ላይ ጥዶ አለመሄድ፣ የጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አለመጨመር፣ ሲወርድም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አለማስቀመጥ። ማቶት የሚሠራው ለዚህም ነው፣ ጀበና እንዳትጋደል ብቻ አይደለም።

ለጾምና ለፍስክ አንድ ድስት ይበቃል?

አይበቃም። ይህን የምንለው ሁለት ለመሸጥ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ለዚያም ነው)። ሸክላ ቅቤውን ይጠጣል፣ ምንም ብታጥቡት አይለቅም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሽሮው የዶሮ ሽታ ሲሸት ምን ልትሉ ነው? እናቶቻችን ለየብቻ የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ለመለያ እንዲሆን የጾሙን ድስት ጆሮ ላይ መስመር እንጭርላችኋለን፣ ካላችሁን።

በሳሙና ይታጠባል?

ሳሙናውንም ይጠጣል፣ ቀጥሎ ወጡ ውስጥ ይመልስላችኋል። ሙቅ ውሃና አመድ ወይም ጨው፣ በቃ። ሳይደርቅ ከድናችሁ አታስቀምጡ፣ ይሻግታል። ከሻገተ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አውሉትና ቀስ አድርጋችሁ አሙቁት።

ሲኒ ለምን አትሠሩም?

ነጩ ሲኒ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ አፈሩም ሌላ ነው። እኛ የሜዳ እሳት ነው ያለን። ሲኒውን ከሱቅ ግዙ።

ቀለም ቀብታችሁ ብትሸጡልን?

የአበባ ማስቀመጫ ከሆነ እሺ። የሚበላበትን አንቀባም። የቤት ቀለም ለምግብ አልተሠራም፣ አንዳንዱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይላጣል። ደግሞ በግልጽ ልናገርና፣ ባለቀለም ጀበና መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ሳያት ይከፋኛል። ጀበና የሠራሁት ቡና እንዲፈላባት ነው።

ለጠላ የሚሆን ጋን አላችሁ?

በትዕዛዝ ብቻ። ለጥር ሠርግ የምትፈልጉ ቢያንስ በጥቅምት ንገሩን። አዲስ ጋን አፈር አፈር ይላልና ደጋግማችሁ በግራዋ እጠቡት፣ ከዚያ በወይራ እጠኑት። ይህን ከእኛ ይልቅ ጠላ ጠማቂዋ ጎረቤታችሁ ታውቀዋለች። አረቄ ለምታወጡ የሚሆን እንስራም እንሠራለን፣ የቧንቧውን ወፍራምነት ንገሩን፣ አፉን በልኩ እናደርገዋለን።

ለምን ተወደደ? ገበያ ላይ በግማሽ አገኘሁ።

ግዙ። ከልቤ ነው። ገበያ ላይ አዝላ የምታመጣዋ እናት ከእኛ በላይ ደክማለች፣ ዋጋው ያነሰው ሥራው ስላነሰ አይደለም፤ ያልተሸጠውን ተሸክሞ ወደ መጣችበት መመለስ ስለሚከብድ ሲመሽ በተገኘው ትሰጣለች። ይህን ሁሉም ገዢ ያውቃል፣ ስለዚህ እስኪመሽ ይጠብቃል። እኛ ሱቃችን ቤታችን ስለሆነ አንመለስም፣ የምንለይበት ይሄ ብቻ ነው። እንጨቱ ይገዛል፣ ኩበቱ ይገዛል፣ ከእሳት የማይተርፈውም ዕቃ ዋጋው በተረፈው ላይ ይታሰባል። ስለዚህ ከእሷ ስትገዙም አትከራከሩ።

አዲስ አበባ ትልካላችሁ? ቢሰበርስ?

እንልካለን። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ውስጥ የሚያስፈራው ከደጀን ወርዶ እስከ ጎሃ ጽዮን የሚወጣው የአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ነው። ዕቃው ወዲያና ወዲህ የሚላተመው እዚያ ነው። ጭድ ውስጥ ቀብረን፣ ትልቁ ውስጥ ትንሹን ከትተን፣ በካርቶን እናስራለን። ምጣድ በጎኑ ቆሞ ነው የሚጫነው፣ ተኝቶ ከተጫነ ላዩ ላይ ማዳበሪያ ይደረደርበታል። ይህን ለረዳቱ ብንነግረውም እናንተ ደግሞ ስትረከቡ እዚያው ክፈቱትና ምቱት። መናኸሪያው ላይ እንዳለ ፎቶ ከላካችሁልን ግማሽ ኪሳራውን እንሸከማለን። ቤት ከገባ በኋላ ግን የእናንተ ነው።

የተሰነጠቀ ትጠግናላችሁ?

አንጠግንም። እሳት ላይ የሚውል ሸክላ በሲሚንቶም በማስቲሽም አይያዝም። ግን አትጣሉት፣ አምጡልን። ወቅጠን ጭቃው ውስጥ እንጨምረዋለን፣ ለአዲሱም ትንሽ እንቀንስላችኋለን።

ታስተምራላችሁ?

ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ላይ አንችልም። የመጀመሪያው ሥራ አፈር መውቀጥና መንፋት ነው፣ ጀበና ለመሥራት ብቻ የሚመጡት እዚያው ላይ ይጠፋሉ። ጥፍር አሳጥራችሁ ኑ።

መጥተን ማየት እንችላለን?

ትችላላችሁ፣ ደውሉና ኑ። የምንተኩስበት ዕለት ግን አትምጡ፤ ጭስ አለ፣ ሁለታችንም ሰው አናናግርም፣ ምናልባት እርስ በርስም ላንነጋገር እንችላለን። ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ እጁን ያዙ፣ ያልተተኮሰው ዕቃ በየመሬቱ ነው፣ የሰበረውን ግን አናስከፍልም፣ መልሰን እንዘፈዝፈዋለን። የተተኮሰውን ከሰበረ እናስከፍላለን።